ፓርቲው የኔ ነው፣ እጩው ግን አላሞቀኝም

ወገን፣ ዛሬ መፈክር የለም። ስለ አንድ የምሳ ሰዓት ወሬ እናውራ።

ዋሽንግተን አካባቢ ፓርኪንግ የሚሠራ አንድ ወንድማችን አለ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024፣ የአሜሪካ ምርጫ በጦፈበት ሰሞን፣ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ምሳ እየበላ ነበር። አንዷ በዕድሜ እናቱ የምትሆን ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ዴሞክራት። ሌላው ከሪፐብሊካን ቤተሰብ የተወለደ የጥገና ሠራተኛ ነው። ሴትየዋ «መምረጡንስ እመርጣለሁ፤ ጨፍሪ ግን አትበሉኝ» አለች። ሰውየው ደግሞ «የኔም ያው ነው። ፓርቲው የአባቴ ፓርቲ ነው፤ እጩውን ግን ቤቴ ምሳ አልጠራውም» አለ። ተያይተው ሳቁ።

ወንድማችን ዘሎ ገባ። «ካላመናችሁበት ለምን ትመርጣላችሁ? ይሄ እኮ አድርባይነት ነው! አቋም የላችሁም ማለት ነው!» አለ። ሴትየዋ ምሳ ዕቃዋን ከድና «ልጄ፣ እረፍቴ አለቀ» ብላ ተነሳች። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ምርጫ አንድ ቃል አልተነፈሰችለትም። እሱ ግን ማታ ደውሎ «ዛሬ አፋቸውን አስያዝኳቸው» አለን።

አፍ ማስያዝና ማሸነፍ አንድ አይደለም። ዛሬ የምንጽፈው ለዚህ ነው። ይሄ የአንድ ልጅ ስህተት ቢሆን ኖሮ ዝም ባልን ነበር። የብዙዎቻችን በሽታ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። እነዚያ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን አልነበሩም። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ መጨረሻ በሚሺጋን የዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ባይደንንም ሌላውንም ሳይመርጡ «ለማንም አልወሰንኩም» የሚለው ላይ ምልክት አድርገዋል። አብዛኞቹ በጋዛ ጦርነት የተነሳ ያኮረፉ የፓርቲው የራሱ ሰዎች ነበሩ። በሪፐብሊካኖቹም ቤት ያው ነው። ኒኪ ሄሊ በማርች መጀመሪያ ከውድድር ወጣች፤ በኤፕሪል በፔንሲልቬንያ ቅድመ ምርጫ ግን ከ150 ሺህ በላይ ሰው ስሟ ላይ ምልክት አደረገ። የወጣችን ሰው መምረጥ ምን ማለት ነው? «ፓርቲዬን አልለቅም፣ ያቀረባችሁልኝን ሰው ግን አልወደድኩትም» ማለት ነው።

ከዚያ ጁን 27 ክርክሩ መጣ። ባይደን ተደናቀፈ። ጁላይ 21 ከውድድር ወጣ፤ ካማላ ሃሪስ ተተካች። ቅድመ ምርጫው ያኔ አልቋል። የጨረሱት የፓርቲው ተወካዮች ናቸው እንጂ መራጩ አይደለም።

ውጤቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቁጥሩን ግን ልብ በሉልን። በ2020 ባይደን 81 ሚሊዮን ድምፅ አግኝቶ ነበር። በ2024 ሃሪስ ያገኘችው 75 ሚሊዮን ገደማ ነው። ትራምፕ በበኩሉ ከ74 ሚሊዮን ወደ 77 ሚሊዮን ከፍ አለ። ዴሞክራቶቹ 6 ሚሊዮን ሲጎድልባቸው ተቃዋሚያቸው የጨመረው 3 ሚሊዮን ነው። ገሚሱ ሰው ወደ ማዶ ተሻገረ፣ ገሚሱ ደግሞ ቤቱ ቀረ። ዊስኮንሲን የተወሰነችው በ30 ሺህ በማይሞላ ድምፅ ነው። እንግዲህ ምርጫ የሚወሰነው በሚጮኸው ደጋፊ ብቻ ሳይሆን ምሳ ዕቃውን ከድኖ በሚነሳውም ነው።

ታዲያ እንዲህ ካለ ባልደረባ ጋር እንዴት ይወራል?

አንደኛ፣ ቅዝቃዜውን እንደ ክፍት በር አትየው። ፓርቲውን የሚተች ሰው ፓርቲውን ሊለቅ ተነስቷል ማለት አይደለም። ሰው የገዛ ወንድሙን ያማል፤ ጎረቤት አብሮ ሲያማለት ግን ይቆጣል። ያቺ ሴት ስለ እጩዋ ያጉረመረመችው በራሷ ቤት ነው። ወንድማችን አጥር ዘሎ ገባባት።

ሁለተኛ፣ ምክንያቱን ጠይቅ። አንዱ የቀዘቀዘው በሕሊናው ነው፤ ስለ አንድ ጦርነት። ሌላው በሰውየው ዕድሜ ወይም ጠባይ ነው። ሦስተኛው በቤት ኪራይና በእንቁላል ዋጋ ነው። ለሦስቱም አንድ ንግግር አይሠራም። እዚያው መሥሪያ ቤት የምትሠራ አንዲት እህታችን ከሳምንት በኋላ ሴትየዋን «ምን ቢያደርጉልሽ ነበር ደስ የሚልሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ሃያ ደቂቃ አወራች። ልጇ ደሞዙን ለኪራይ አስረክቦ እሷ ጋ ተመልሶ ገብቷል። «ቅድመ ምርጫ ላይ የመረጥኩት አንድ ሰው ነው፣ አሁን ያመጡልኝ ሌላ። ማን ጠየቀኝ?» አለች። እሷን ያበረዳት ይሄ ነው። ወንድማችን ሦስት ወር አብሯት ሠርቶ ያላወቀውን እህታችን በአንድ ጥያቄ አወቀችው።

ሦስተኛ፣ የሥራ ቦታ መሆኑን አትርሳ። ነገም ከዚያው ሰው ጋር ፈረቃ ትቀባበላለህ። እናትህ ብትታመም ፈረቃ የሚሸፍንልህ እሱ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ «አቋም የለሽም» ያልካት ሴት አትረሳውም። አንድ ክርክር አሸንፈህ አንድ ወዳጅ ካጣህ ከስረሃል።

አራተኛ፣ ስለ ራስህ ጉዳይ ለመናገር ተራህን ጠብቅ። ስለ አገራችን እንዲሰሙን እንፈልጋለን አይደል? መጀመሪያ ስንሰማቸው ነው የሚሰሙን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ሊመርራችሁ ይችላል፤ ታገሱን።

በ2021 የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ ላይ የሆነውን አስታውሱ። ለዓመታት ዴሞክራት የመረጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን በባይደን አስተዳደር የኢትዮጵያ ፖሊሲ ተቆጥተው ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀሰቀሱ። ሁላችንም ግን አንድ አቋም አልነበረንም፤ በጦርነቱ ሌላ ዓይነት ሕመም የታመሙ ወገኖቻችን በተቃራኒው ቆመው ነበር። ያንግኪን በ60 ሺህ ገደማ ድምፅ ልዩነት አሸነፈ። «እኛ ነን የገለበጥነው» ብሎ የፎከረ አልጠፋም። ሐቁን እንናገር፦ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ በሰጠበት ምርጫ፣ ትምህርት ቤትና ኑሮ መነጋገሪያ በነበሩበት ዓመት፣ እኛ ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ነበርን። ይሄም ትንሽ አይደለም። ከዚያ በላይ መኮፈስ ግን አያስፈልግም።

ዋናው ነጥብ ሌላ ነው። በዚያ ዓመት ያቺ ሴትዮ እኛው ነበርን! በገዛ ፓርቲያችን እጩ የበረድነው እኛ ነበርን። ያኔ አንድ ባልደረባ መጥቶ «አድርባዮች፣ ከሃዲዎች» ቢለን ምን ይሰማን ነበር? «ምን አስቀየማችሁ?» ብሎ የጠየቀንን ግን እስከ ዛሬ አንረሳውም።

ወደ አገር ቤትም እንሂድ። በ1997ቱ ምርጫ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ ወሰደ። ያኔ ለመምረጥ የደረሳችሁ ሐቁን ንገሩን፦ ስንቶቻችሁ የወረዳችሁን እጩ ስም ታውቁ ነበር? ብዙው ሰው የመረጠው ሁለቱን ጣት ነው። የሕዝቡ ተስፋ እውነተኛ ነበር፤ እሱን አናራክስም። ግን «ይሄ እጩ ለዚህ ወረዳ ይመጥናል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው «ማን ልኮህ ነው?» ይባል ነበር። በኛ አገር ሕግ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር በቀጥታ አንመርጥም። የምንመርጠው የወረዳችንን ሰው ነው፤ መንግሥት የሚመሠረተው ከዚያ በኋላ ፓርላማ ውስጥ ነው። ስለዚህ የእጩው ማንነት እኛ ጋ ከአሜሪካም በላይ ሊያሳስበን ይገባል።

ዛሬስ? ዛሬም «ይሄ የኛ ሰው ነው፤ ግን ደካማ ነው» ያለ ልጅ በኮሜንት ውስጥ «ባንዳ» ይባላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቀጠቀጣል። ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ያለው ሁሉ አብሮን ያለ ይመስለናል። በምርጫው ቀን፣ ወይም በችግሩ ቀን፣ ዞር ስንል የለም።

ደጋፊ ሌላ ነው፣ አምላኪ ሌላ ነው። ያቺ አሜሪካዊት «እመርጣለሁ፣ አልጨፍርም» ስትል የተናገረችው የነፃ ሰው ቃል ነው። እንቅስቃሴ የሚጠነክረው ሁሉም ስለጨፈረ ሳይሆን ያልጨፈረውም እየተናገረ አብሮ መቆም ሲችል ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ድሩ የሚያብረው ግን ሁሉም ክር አንድ ቀለም ስለሆነ አይደለም።

በመጨረሻ፣ ያ ወንድማችን ይሄን ጽሑፍ ሳናወጣው አንብቦታል። መጀመሪያ ተኮሳተረ። ቀጥሎ «እሺ፣ አውጡት፤ ስሜን ግን አትጻፉ» አለ። ባለፈው ሳምንት ለሴትየዋ ቡና ይዞላት ሄዶ «ያኔ አላዳመጥኩሽም» ብሏታል። «አውቃለሁ» አለችው፤ ቡናውን ተቀበለች።

እናንተስ? ነገ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ የበረደውን ባልደረባችሁን «ምን አስቀየመህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። የሰማችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ የማንንም ስም ሳትጠሩ።