የሚከራይ ቤት አለ

ከደሴ ተነሥቶ ሐይቅን አልፎ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ በአምባሰል ወረዳ ውጫሌን ያገኛል። በእንደዚህ ያሉ የአውራ ጎዳና ከተሞች ጥቂት ገንዘብ የቋጠረ ሰው በግቢው ውስጥ አንዲት ወይም ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ሠርቶ ማከራየትን የኑሮው ዋስትና አድርጎ ይቆጥረዋል። ተከራዩም ልዩ ልዩ ነው። የወረዳ ሠራተኛ አለ፤ አዲስ የተመደበ መምህር አለ፤ ነጋዴ አለ። ከሁሉም ይልቅ ግን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ፍለጋ ስንቁን ተሸክሞ ከገጠር ቀበሌ የሚመጣ ተማሪ አለ።

ታዲያ አከራይ ተከራይን ወደ ቤቱ የሚስበው በምንድን ነው? ብዙዎች ግድግዳውን ኖራ መቀባት፣ በሩን ማደስና አንደበተ ርቱዕ ደላላ መያዝ ይበቃል ይላሉ። ኖራው አይጠላም፤ ንጹሕ ቤት ማን ይጠላል? በእኔ አስተያየት ግን ተከራይን የሚስበውም ሆነ ስቦ የሚያቆየው፣ ቤቱ ያለውንና የሌለውን ሳይሸሽጉ አስቀድሞ መናገር፣ የተናገሩትንም በጽሑፍ ማስፈር ነው።

በነሐሴ መጨረሻ አንድ አባት ሴት ልጃቸውን አስከትለው ቤት ፍለጋ መጡ እንበል። የቤቱ ባለቤት፣ «አይዞዎት አባቴ፣ ልጅዎ ልጄ ናት። ውኃው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው፤ መብራትም አለ» ይሏቸዋል። አባትም «እርስዎ ካሉ እናቴ» ብለው ቀብዱን ከፍለው ይመለሳሉ። ደላላውም የድርሻውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ አይታይም። ወር ሳይሞላ ግን ቧንቧው ውኃ የሚሰጠው በሳምንት አንድ ቀን መሆኑ፣ መብራቱም ቆጣሪው እንዳይቆጥር ተብሎ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሚጠፋ መሆኑ ይታወቃል። ባለቤቲቱ ሐሰት አልተናገሩም። ውኃውም ግቢ ውስጥ ነው፤ መብራትም አለ። የተናገሩት ግን የእውነቱን እኩሌታ ነው። በዚህ ምክንያት ልጅቱ ከትምህርት ቤት መልስ ጀሪካን ይዛ ቦኖ ስትጠብቅ ትውላለች፤ ማታም ደብተሯን ሳትገልጥ ትተኛለች። በኅዳር ወር ፍራሿና ድስቷ በአህያ ተጭኖ ወደ ሌላ ቤት ይዛወራል። የአንድ መንፈቅ ትምህርቷ ግን ተጭኖ አይመለስም።

ለውጫሌ ሰው የቃልን ክብደት መናገር ለቀባሪ እንደ ማርዳት ያለ ነው። የከተማዪቱን ስም በዓለም ያሳወቀው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር የተዋዋሉት ውል ነው። የውሉ አንቀጽ 17 በአማርኛው ቅጂ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትላላክ በኢጣልያ አማካይነት ለመጠቀም እንደምትችል ሲገልጥ፣ በኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ይህ ፈቃድ ወደ ግዴታ ተለውጦ ነበር። ልዩነቱ ያረፈው በአንድ ግሥ ላይ ነበር፤ ነገሩ ግን በ1888 ዓ.ም. እስከ ዓድዋ ጦርነት አድርሷል። የአንዲት ክፍል ኪራይ ከመንግሥታት ውል ጋር የሚወዳደር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን አከራይ በልቡ የያዘው ውልና ተከራይ በልቡ የያዘው ውል ሁለት ሲሆኑ፣ ጠቡ በቤት ውስጥም ቢሆን ያው ጠብ ነው።

አከራይ ተከራይን ለመሳብ የማይደክምበት ዘመንም ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ ማኅበራት እጅ ገቡ። ያን ጊዜ ቤት የሚገኘው በተራና በማመልከቻ ስለ ነበር ተከራይን የሚያባብል አልነበረም። ዛሬ ግን ግለሰቡ ሠርቶ ያከራያል፤ ተከራዩም ከበር ወደ በር እየዞረ ያማርጣል። ሕግም ቢሆን ወደ ጽሑፍ እያዘነበለ መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዋጁ የሚጸናው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ቢሆንም አንድ አከራይ እስኪገደድ ድረስ ወረቀትና እስክሪብቶ የሚጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

«የቤቴን ጉድለት እኔው ከተናገርሁ ማን ይከራየኛል?» የሚል አከራይ እንደሚኖር የታወቀ ነው። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። በአንድ ሰፈር አሥር የሚከራይ ክፍል ካለ፣ እውነቱን የተናገረው ዘጠኙ በተሸሸገበት መካከል ሊጎዳ ይችላል። ሆኖም ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እናስላው። የተማሪ ቤት የሚፈለገው በነሐሴና በመስከረም ነው። በእነዚህ ወራት የተታለለው ተከራይ በኅዳር ሲወጣ፣ ሌላው ተማሪ ሁሉ ቤት ይዞ ስለሚያበቃ ክፍሉ ብዙ ወራት ባዶውን ሊከርም ይችላል። ከዚህም በላይ የወጣው ተማሪ ዝም ብሎ አይወጣም። በሚቀጥለው ነሐሴ ከቀበሌው የሚመጡ ታናናሾቹ የማንን በር ማንኳኳት እንደሌለባቸው አስቀድመው ያውቃሉ። ከዚህ የተሻለ ደላላ፣ ከዚህም የከፋ ደላላ የለም።

አከራይ ተማሪን በእርግጥ ለመሳብ ከፈለገ፣ ከኖራው ይልቅ የተማሪውን ኑሮ ያስብ። ልጁ በክረምት ወደ ወላጆቹ ይመለሳል፤ እርሻም ያግዛል። እነዚያን ወራት ሙሉ ኪራይ መክፈል ለወላጆቹ ከባድ ነው። ዕቃውን ተሸክሞ መሄድና በመስከረም ሌላ ቤት መፈለግም እንዲሁ። ስለዚህ በበሩ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ እንዲህ ቢል እመርጣለሁ፦

«የሚከራይ አንድ ክፍል አለ። ስፋቱ 3 ሜትር በ4 ሜትር፤ ወለሉ ሲሚንቶ፤ ኮርኒስ የለውም። ውኃ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፤ በሌላው ቀን ከቦኖ ይቀዳል። መብራት ማታ አይጠፋም፤ ሒሳቡ ለብቻ ይከፈላል። መጸዳጃ ቤቱ ከሁለት ተከራዮች ጋር የጋራ ነው። በክረምት ዕቃ አስቀምጦ መሄድ ይቻላል፤ ለዚያ ጊዜ የሚከፈለው የኪራዩ እኩሌታ ነው። ውል በጽሑፍ እንፈራረማለን።»

ይህን አንብቦ ወደ ቀጣዩ በር የሚያልፍ ሰው ይኖራል። አንብቦ የሚያንኳኳው ግን ጀሪካኑን አዘጋጅቶ የመጣ ነው።