«በአጠቃላይ» የሚባል ተማሪ የለም

ዛሬ ትንሽ ስለራሴ ላውራ።

እዚህ ገጽ ላይ መጻፍ ከጀመርኩ ቆየሁ። ኑሮ ሲወደድ እጽፋለሁ፣ መብራት ሲጠፋ እጽፋለሁ፣ ዜና ሲሰማ ደግሞ ቀድሜ ነው የምጽፈው። ብዙ ላይክ ያገኘሁት ግን ጥር 2015 ላይ በጻፍኩት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ተናደድኩና «ይሄ ትውልድ ከቲክቶክ ውጪ ምን ያውቃል?» ብዬ ለቀቅኩት። ሰው ተቀባበለው። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ላይኩ ስንት ደረሰ እያልኩ ስልኬን ስነካካ አመሸሁ።

ሰኞ ክፍል ገባሁ። ፔሬዱ ሲያልቅ አንዲት ተማሪዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። ዝምተኛ ልጅ ናት። ጠዋት ጠዋት እናቷ የጋገሩትን እንጀራ ለየሱቁ አድርሳ ስለምትመጣ አንዳንዴ ታረፍዳለች።

«ቲቸር፣ ያ የጻፉት ስለ እኛ ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ በአጠቃላይ ነው» አልኳት።

«በአጠቃላይ ሲሉ እኛ የለንበትም?» ብላኝ ሄደች። ቁጣ እንኳን አልነበረባትም።

ቤት ገብቼ ጽሑፌን እንደገና አነበብኩት። አንድ ክፍል ውስጥ 70 ልጅ እንደማስተምር አልጻፍኩም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመ መጽሐፍ ስላልደረሰን በስልክ ፒዲኤፍ እየተላላክን እንዳስተማርን፣ ስልክ የሌለው ልጅ ከጓደኛው እየገለበጠ እንደተማረ አልጻፍኩም። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠቱ ኩረጃን ስለሚቀንስ አሁንም እደግፈዋለሁ። ግን ኩረጃው ሲነሳ የታየው ጉድ የልጆቹ ብቻ አይደለም፣ የእኔም ነው። ምዕራፍ ለመጨረስ ስሮጥ፣ ያልገባው ልጅ እጁን ሲያወጣ «በኋላ» ያልኩበት ቀን ስንት ነው? እሱንም አልጻፍኩም።

በቀጣዩ ዓመት ውጤቱ 3.2 በመቶ ሆነ። ልጅቷ ከእነዚያ ውስጥ አልነበረችም። ከዚያ ወዲያ 5.4 ሲባልም ያው ነው፤ ቁጥሩ በወጣ ቁጥር ሁለት ቀን እንጮሃለን፣ በሦስተኛው ቀን ሌላ አጀንዳ ይመጣል። ልጆቹ ግን ሰኞ እዚያው ክፍል ውስጥ ናቸው።

ስለ አገር ጉዳይ አንጻፍ እያልኩ አይደለም። ዝም ማለትማ ለማን ጠቀመ? ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። የጻፍነው ሰው ጋ ይደርሳል፣ ያውም ራሱን መከላከል የማይችለው ሰው ጋ። አሁን አንድ ነገር ከመልቀቄ በፊት «ይሄን ነገ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ ላነበው እችላለሁ?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ስንቱን ጽፌ እንዳጠፋሁ ብታውቁ ትስቃላችሁ። በሱ ፈንታ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል «በኋላ» ካልኳቸው ልጆች ጋር እቀመጣለሁ። ጥቂት ናቸው የሚመጡት፣ ግን ይመጣሉ።

ልጅቷን በቀደም መንገድ ላይ አገኘኋት። እንጀራ ይዛ ነበር። ዛሬም «ቲቸር» ነው የምትለኝ። ይቅርታዬን እዚያው ቆመን ነገርኳት፤ እዚህ የምጽፈው ለእሷ ሳይሆን ያኔ ላይክ ላደረጋችሁልኝ ለእናንተ ነው። ያኔ ያጨበጨባችሁት ግማሽ እውነት ነበር፣ ቀሪው ግማሽ ይሄው።