የኮሶዬ ሰው አገሩ ሲለወጥ በምን ዓይን ያያል?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ፣ ወገራ ውስጥ ኮሶዬ ሲደርስ ከአፋፉ ላይ ቁልቁል ሳይመለከት አያልፍም። ከእግሩ ሥር ገደሉን፣ ከገደሉ ማዶ የተዘረጋውን ቆላ፣ በሣሩ ላይ የሚግጠውንም የጭላዳ መንጋ ያያል። መንገደኛው ከተማሪ ቤት በቅርቡ የወጣ ወጣት ከሆነ ደግሞ ወዲያው «ደኑ የት ሄደ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ እዚያው ተወልዶ ላረጀው ገበሬ ዋናው ጥያቄ ይህ ላይሆን ይችላል።

የደጋ ገበሬ የመሬቱን መለወጥ የሚያውቀው ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ ሴቶቹ እንጨት ለመልቀም ምን ያህል እንደሚርቁ፣ ማሳው ሳያርፍ ስንት ዓመት እንደ ታረሰ በመቁጠር ነው። ለማሳው ይሆን የነበረው ፍግ ኩበት ሆኖ ምድጃ ሲገባ፣ የእንጨቱን ማለቅና የገብሱን መክሳት በአንድነት ይረዳዋል፤ ለዚህም ካርታ አያስፈልገውም። ዘመኑንም የሚለየው በመሬቱ ታሪክ ነው፤ ይኸውም የጃንሆይ ጊዜ፣ የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ፣ በ1989 ዓ.ም. የተደረገው ድልድል እያለ ነው። እንዲህ ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገ የማን እንደሚሆን ባልታወቀ መሬት ላይ ለልጅ ልጅ የሚደርስ ጽድ የሚተክል ሰው ከወዴት ይገኛል?

የኮሶዬ ስም የኮሶን ዛፍ ያስታውሳል። አባቶቻችን አበባውን ለትል መድኃኒት ይጠጡት ነበር፤ እንክብል ከመጣ ወዲህ ግን ያን መራራ ነገር የሚናፍቅ ያለ አይመስለንም። ዛሬ በደጋው በየቤቱ ጓሮ የሚታየው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ውሃ ይመጥጣል፣ አጠገቡ ያለውንም ሰብል ያቀጭጫል፤ ገበሬውም ይህን አላጣውም። ነገር ግን ሲቆረጥ መልሶ ያቈጠቍጣል፣ ቤት ይሠራበታል፣ ገበያ ወርዶ ጨውና ልብስ ይሆናል። የቀድሞው ዛፍ ዝርያ ብዙውን ጊዜ የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው።

ከአየር የተነሡ ፎቶግራፎችም አንድ ቃል አይናገሩም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በጎጃም ደምበጫ አካባቢ በተደረገ ጥናት የተፈጥሮ ደን በ1957 ከመቶ 27 የነበረው በ1995 ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። እዚያው ጎጃም በጨሞጋ ወንዝ ተፋሰስ ግን ገበሬው በተከለው ባሕር ዛፍ ምክንያት የዛፉ ሽፋን ጨምሮ ተገኝቷል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው በትግራይ የሆነው ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት ያነሣቸውን ሥዕሎች ቤልጅጋዊው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ከ140 ዓመት በኋላ ከዚያው ቦታ ላይ ደግመው ቢያነሡ፣ በብዙው ስፍራ ዛፉ ከቀድሞው በርክቶ ታየ። እንግዲህ «ዱሮ ሁሉ ደን ነበር» የሚል ሽማግሌ ዋሸ ማለት ነውን? አይደለም፤ ካሜራው ዛፉን ቈጠረ፣ ሽማግሌው ግን የትኛው ዛፍ እንደ ሆነ ለይቶ ቈጠረ።

የዕይታው ልዩነት ዋጋ ማስከፈሉን ለማየት መንገዱን ቀጥሎ ስሜን መድረስ ይበቃል። በ1969 ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ተራራ ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ካንዣበበባቸው የዓለም ቅርሶች ተራ ተመዝግቦ ቆይቷል። ለተመራማሪው በከብት የተጋጠ መስክ፣ ለግጭ መንደር ሰው ግን የአባት ርስት ነበር፤ መንደሩም በመጨረሻ ተነሥቶ ነዋሪው ወደ ደባርቅ ተዛወረ። ለዋልያው ይበጃል ተብሎ ነበር፤ ለሰዎቹ መበጀቱን ግን የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ነገ መጠይቁን ይዞ ወደ ደጋው የሚላክ ወጣት ሹም «ደኑ ቀንሷል ወይስ ጨምሯል?» በሚለው መሥመር ላይ ምልክት አድርጎ ከመመለሱ በፊት፣ አንዷን እናት የክረምቱንና የበጋውን ምንጭ እንዲያሳዩት ይለምናቸው። ጫማው ጠንካራ ይሁን፤ የበጋው ሩቅ ነው።