ላይካና የወለጋው ጥሪኝ

በነቀምቴ ከተማ በአንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ስለ ጠፈር ጉዞ ስንጨዋወት፣ አንድ ሽማግሌ የላይካን ታሪክ ሰምተው እጅግ አዘኑ። «መመለሻ ሳያበጁላት ሰደዷት? ምን ዓይነት ጨካኞች ናቸው!» አሉ። አነጋገራቸው እውነት ነው። ነገር ግን እኒሁ ሽማግሌ በጓሮአቸው ጥሪኝ እንደሚያኖሩ አውቅ ስለ ነበረ ነገሩ ሲከነክነኝ ዋለ።

ላይካ ከሞስኮ ጎዳና የተለቀመች፣ ስድስት ኪሎ ያህል የምትመዝን ውሻ ነበረች። ለጠባቡ ክፍል እንድትለምድ ማጐሪያዋን ቀስ በቀስ እያጠበቡ አሠለጠኗት፤ ጥቅምት 24 ቀን 1950 ዓ.ም. በስፑትኒክ 2 ወደ ጠፈር ወጣች። ለዓለም የተነገረው ጥቂት ቀን ኖራ ያለ ሥቃይ እንደ ሞተች ነበር። በሙቀት ተጨንቃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መሞቷ የተገለጠው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሐሰቱ አርባ አምስት ዓመት ኖረ ማለት ነው! ከአሠልጣኞቿ አንዱ ኦሌግ ጋዜንኮም ከጉዞው የተገኘው ዕውቀት ለሞቷ የሚበቃ እንዳልነበረ በስተእርጅና ተናግረዋል።

እርግጥ ሁሉም በከንቱ አልቀረም። ቤልካና ስትሬልካ የተባሉት ውሾች ነሐሴ 13 ቀን 1952 ዓ.ም. (ለእኛ የቡሄ ዕለት ነው) ወጥተው በማግሥቱ በደኅና ተመለሱ። ከአህጉራችን ከካሜሩን ተይዞ የተወሰደው ሐም የተባለው ቺምፓንዚም ጥር 23 ቀን 1953 ዓ.ም. አሜሪካኖች ልከውት በሕይወት ተመልሷል፤ ሲሠለጥን ግን እጀታውን በጊዜው ካልገፋ እግሩን ኤሌክትሪክ ይነዝረው ነበር። ጋጋሪን የበረረው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እንግዲህ ወደ ወለጋ እንመለስ። ዝባድ ከጥንት ጀምሮ ከአገራችን ወደ ውጭ የሚላክ፣ ለሽቶ ሥራ የሚሆን ውድ ዕቃ ነው። ወንዱ ጥሪኝ ከዱር ተይዞ ጭስና ሙቀት ባለበት ጎጆ፣ እንደ ልብ መዞር በማይችልበት የእንጨት ማጐሪያ ይገባል። በዘጠኝ በዐሥር ቀን አንድ ጊዜ ያህል እየጨመደዱ ከጅራቱ ሥር ዝባዱን ይፍቁና በቀንድ ያጠራቅማሉ። ከሚያዙት ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሞታሉ፤ ሲሞትም ሌላ ከዱር ይመጣል። ለላይካ በ2000 ዓ.ም. በሞስኮ ሐውልት ቆሞላታል። ጥሪኙ ስም እንኳ የለው።

ይህን የምለው ገበሬውን ለመክሰስ አይደለም። ዝባድ ለብዙ ቤት የልጆች ልብስና የግብር ገንዘብ ሆኗል፤ ይህን ገቢ ነጥቆ ዝም ማለት ራሱ ሌላ ጭካኔ ነው። ነገር ግን ሽቶ ሠሪዎቹ በሰው ሠራሽ ዝባድ መጠቀም ከጀመሩ ቆይተዋል፤ የእንስሳው አያያዝም በውጭ አገር ሲነቀፍ ኖሯል። አያያዙ ካልተሻሻለ ገበያው ራሱ ይሸሻል። የዱር ጥሪኝ ዝባዱን በጉቶና በድንጋይ ላይ እየቀባ የሚሄድ በመሆኑ፣ ሳያስሩት የሚለቀምበት ዘዴ በአዋቂዎች ቢመረመር መልካም ነው። እስከዚያው ማጐሪያውን ማስፋት የሚጠይቀው ጥቂት እንጨት ብቻ ነው።

ይህንኑ ለሽማግሌው ብነግራቸው፣ «ውሻ የሰው ወዳጅ ናት፤ ጥሪኝ ግን አውሬ ነው» ብለው ተቈጡ። «አባቴ፣ አውሬስ ሲጠበው አይጨንቀውምን?» አልኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «ዝናቡ ያባራ፤ እንጨት እቈርጣለሁ» አሉኝ።