የሽሪምፕ ስሌት ለቱም ኩሬ

ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የሌላት አገራችን ከሽሪምፕ እርባታ ምን ትማራለች የሚል አንባቢ ይኖራል። በበኩሌ ሽሪምፑን ሳይሆን የወጪ ስሌቱን እንማር እላለሁ። በታይላንድና በቬትናም የባሕር ዳርቻዎች ከመኖ ቀጥሎ አርቢውን ከሚያስጨንቁት ወጪዎች አንዱ፣ ኦክስጅንን ከውኃው የሚቀላቅሉት ተሽከርካሪ መቅዘፊያዎች የሚፈጁት ኃይል ነው።

በባሕር ወለል ከፍታ፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንድ ሊትር ውኃ የሚያሟሟው ኦክስጅን 9 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ አንድ ሊትር አየር 30 እጥፍ ያህል ይይዛል። (በቱም ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ያው 9 እንኳ አይሞላም።) ሌሊት ፎቶሲንተሲስ ሲቆም አልጌውም ዓሣውም ከዚችው ይካፈላሉ፤ ዓሣ ታፍኖ የሚያድረውም አብዛኛውን ጊዜ ጎህ ሊቀድ ሲል ነው።

በቱም፣ በሚዛንና በቴፒ ቆሮሶ ለማርባት የሚያስቡ ወጣቶች ሞተር ከመግዛታቸው በፊት ተዳፋቱን ቢጠቀሙ ይሻላል። በሰከንድ አንድ ሊትር ውኃ ከ2 ሜትር ከፍታ በድንጋይ ላይ ሲወርድ 20 ዋት ገደማ ይሰጣል፤ ያውም ያለ ነዳጅ፣ ሌሊቱን ሙሉ።

ወንዙ ከላይ የእሸት ቡና ማጠቢያ ፍሳሽ የሚገባበት ከሆነ ግን ስሌቱ ይፈርሳል። የቡናው ገለፈት ስኳር ሲበሰብስ ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ቀድመው ይጨርሱታል። ስለዚህ ውኃው በቡና ለቀማ ወራት፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ይለካ፤ በክረምት የተገኘ ጥሩ ውጤት ኩሬ ለመቆፈር ማስረጃ አይሆንም።