ጉንፋኑ የት ሄዶ ነበር?

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ከጥቂት ቀናት በፊት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ፥ ዕድሜያቸውም አገልግሎታቸውም ከእኔ የሚበልጥ አንድ ባልደረባችን ሲያስነጥሱ ቆይተው፥ «ያ ሁሉ ኮሮና ኮሮና ሲባል የነበረው ይኸው የጥንቱ ጉንፋናችን ነው። ስሙን ለውጠው አመጡት እንጂ፥ ያን ጊዜ ጉንፋን ያዘኝ ያለ ሰው ሰምታችኋል?» ብለው ጠየቁን። ግማሹ ሳቀ፥ ግማሹም ራሱን ነቀነቀ። እኔም «ኧረ ጋሼ፥ እንዲህስ አይደለም» ብዬ ልቀጥል ስል ደወሉ ተደወለና ወደየክፍላችን ሄድን። ያልተጨረሰው መልሴ ግን ከሆዴ ስላልወጣ፥ ይህንኑ ጥያቄ በየመሥሪያ ቤቱ የሚያነሡ ብዙዎች መሆናቸውንም ስለማውቅ፥ በጋዜጣዎ ላይ ጥቂት ቦታ ይሰጡኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የጋሼ አነጋገር ግማሹ እውነት መሆኑን ማመን ይገባል። በወረርሽኙ ጊዜ ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ብርቱ ጉንፋን ከብዙ አገሮች ጠፍቶ ነበር። (የውጭውን ነገር ስናገር የምጽፈው ዓመት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።) በደቡቡ የዓለም ክፍል የብርድ ወራት በሆኑት ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ 2020 በአውስትራልያ 60,031 ናሙና ተመርምሮ ኢንፍሉዌንዛ የተገኘበት 33 ብቻ ነው። በቺሌ ከ21,178 ናሙና 12፥ በደቡብ አፍሪካ ከ2,098 ናሙና 6 ተገኘ። ሲደመር ከ83,307 ናሙና 51 ማለት ነው። በነዚሁ አገሮች ከ2017 እስከ 2019 በተመሳሳዩ ወራት ግን ከመቶው ናሙና ወደ 14 የሚጠጋው ኢንፍሉዌንዛ ይገኝበት ነበር። በአሜሪካም በ2019ና 2020 የብርድ ወራት በኢንፍሉዌንዛ የሞቱት ሕፃናትና ልጆች 199 ሆነው ሲመዘገቡ፥ በተከታዩ ዓመት የተመዘገበው አንድ ብቻ ነው።

እንግዲህ «ስሙን ለውጠው» የሚለው ግማሽ የሚወድቀው በዚሁ ቍጥር ነው። ሐኪሞቹ ኢንፍሉዌንዛን መፈለግ ትተው ሁሉን ኮሮና ብለው ጽፈው ቢሆን ኖሮ፥ የተመረመረው ናሙና ጥቂት በሆነ ነበር። እነርሱ ግን ሰማንያ ሦስት ሺህ ጊዜ ፈልገው አጡት። ሁለቱ ቫይረሶች የተለያየ ዘር ስለሆኑ፥ አንዱን የሚለየው ምርመራ ሌላውን አያሳይም። ዕቃ ጠፋ የሚባለው ተፈልጎ ሲታጣ ነው፤ ሳይፈለግ የቀረውን ጠፋ የሚል የለም።

ታዲያ ያው የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፥ ያው የትምህርት ቤት መዘጋት፥ ያው ከቤት አለመውጣት ኢንፍሉዌንዛን አጥፍቶ ኮሮናን ሳያጠፋ የቀረው ስለ ምንድን ነው? ይህን ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሒሳብ አስረድቻቸዋለሁ። ኢንፍሉዌንዛ የያዛቸው መቶ ሰዎች በአማካይ ወደ 130 ለሚሆኑ ሌሎች ያስተላልፋሉ እንበል። የመጀመሪያው ኮሮና የያዛቸው መቶ ሰዎች ደግሞ ለ250 ያህል ያስተላልፋሉ። አሁን የሰው መገናኘት በግማሽ ይቀነስ። የኢንፍሉዌንዛው መቶ ወደ 65፥ ቀጥሎ ወደ 42፥ ቀጥሎም ወደ 27 እያለ ይከስማል። የኮሮናው መቶ ግን ወደ 125፥ ከዚያም ወደ 156 ይወጣል። አንድ ዓይነት ጥንቃቄ፥ ሁለት ዓይነት ውጤት! በዚህ ላይ የኢንፍሉዌንዛን ዘመዶች ሰውነታችን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ ኮሮናን ግን ማንም አያውቀውም ነበር። ደግሞም ኢንፍሉዌንዛ እንደ ወፍ ከሰሜን ወደ ደቡብ፥ ከደቡብ ወደ ሰሜን ብርዱን እየተከተለ በመንገደኛ የሚጓዝ ስለሆነ፥ አውሮፕላኑ ሲቆም መንገዱ ተቈረጠበት። ፈጽሞ ግን አልጠፋም፤ በምዕራብ አፍሪካና በደቡብ ምሥራቅ እስያ አንዳንድ አገሮች ተሸሽጎ ቈይቷል።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል። እኛ «ጉንፋን» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው አንድ በሽታ አይደለም፤ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ቫይረሶች በዚያ ስም ውስጥ ተከማችተዋል። ሁሉም በወረርሽኙ ጊዜ አንድ ዓይነት ዕድል አልገጠማቸውም። ራይኖቫይረስ የሚባለው፥ አፍንጫ የሚያፈሰው ቀላሉ ጉንፋን፥ እምብዛም አልተበገረም። በሆንግ ኮንግ በ2020 መጨረሻ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ፥ ልጆቹ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ሳለ፥ ይህ ቫይረስ በየትምህርት ቤቱ ተነዛ። ምክንያቱም ኢንፍሉዌንዛና ኮሮና በስብ ልባስ የተሸፈኑ ስለሆኑ ሳሙናና አልኮል ልባሳቸውን ሲያፈርሱባቸው፥ ራይኖቫይረስ ግን እንዲህ ያለ ልባስ ስለሌለው አልኮሉን ይቋቋማል፤ በእጅና በዕቃ ላይም ይሰነብታል። ስለዚህ በዚያ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ በር ቆሞ በእጃችን ላይ ሲንጠባጠብልን የነበረው አልኮል ለሁሉም በሽታ እኩል መድኃኒት አልነበረም።

ቫይረስ ከቫይረስ ጋር የሚጣላም ይመስላል። በ2009 የአሳማ ጉንፋን የተባለው ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ፥ በስዊድንና በፈረንሳይ ራይኖቫይረስ በመኸሩ በዝቶ ስለነበረ የወረርሽኙን መዛመት ሳያዘገየው እንዳልቀረ ሊቃውንት ጽፈዋል። አንዱ ሲገባ ሰውነት ዘብ ስለሚያቆም፥ ሁለተኛው በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል ማለት ነው። ይህ ግን ለጥቂት ቀን የሚያገለግል ዘብ ስለሆነ፥ ጉንፋን ይዞኛልና ኮሮና አይነካኝም ብሎ የሚመካበት ሰው እንዳይኖር።

ከመጥፋቱ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ አመላለሱ ነው። አር.ኤስ.ቪ. የሚባለው፥ የሕፃናትን ደረት የሚይዘው ቫይረስ፥ በአውስትራልያ የብርዱን ወራት ዘልሎ በ2020 መጨረሻ፥ በአገሩ የሙቀት ወራት ተነሣ። በአሜሪካም በ2021 የመጣው በበጋ ነው። በ2022 መኸርና ክረምት ደግሞ አር.ኤስ.ቪ.፥ ኢንፍሉዌንዛና ኮሮና አንድ ላይ ስለወረዱ በብዙ የሕፃናት ሆስፒታሎች አልጋ ታጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቫይረሱን ሳያዩ ያደጉ ሕፃናትና፥ እነርሱን ተከትለው የተወለዱት፥ በአንድ ጊዜ ተጋለጡ። አንዳንድ ሰዎች ይህን አይተው «እንግዲያስ ጥንቃቄው ጎዳን» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሕፃን አር.ኤስ.ቪ. የሚጎዳው ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲይዘው ነውና፥ በሦስት ወሩ ሊይዘው የነበረው በሁለት ዓመቱ ቢይዘው ትርፉ የሕፃኑ ነው። የተጎዳው ሆስፒታሉ ነው፤ በየዓመቱ ተከፋፍሎ የሚመጣው በሽተኛ በአንድ ወር ተሰብስቦ መጣበት።

ሳይመለስ የቀረም አለ። ከኢንፍሉዌንዛ ነገዶች አንዱ፥ ያማጋታ የተባለው፥ ከመጋቢት 2020 ወዲህ በተረጋገጠ ሁኔታ አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም በመስከረም 2023 ይህ ነገድ በክትባት ውስጥ መግባቱ እንደማያስፈልግ አስታወቀ። ማንም እርሱን ለማጥፋት አልዘመተም፤ በሌላ ጠላት ላይ በተከፈተ ዘመቻ መንገድ ላይ ወድቆ ቀረ።

እኛ አገር ይህን ነገር ለመረዳት ከሌላው ይልቅ የቀረብን ነበርን። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያራቈተው፥ ራስ ተፈሪን እንኳ ሳይቀር አልጋ ላይ ያዋለው የኅዳር በሽታ፥ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ ጠርገን እናቃጥላለን፤ ከተማውም በጢስ ይታፈናል። መጥረጉ መልካም ነው። ጢሱ ግን ያን በሽታ አያባርርም፤ ለሚያስል ሰው ሳንባም አይበጅም። ከጢሱ የምንማረው ሌላ ነገር ነው። የታመመ ሰው ትንፋሽ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንደ ሲጋራ ጢስ ተንሳፍፎ ይቈያል፤ መስኮት ሲከፈት ይሳሳል። ጢሱን የምናየው ስለሆነ እንከፍትለታለን፥ ትንፋሹን ስለማናየው እንዘጋበታለን።

በአውቶቡስ ውስጥ አንዱ መስኮት ቢከፍት ዐሥር ሰው «ዝጋው! ብርድ ልታስመታን ነው?» ብሎ ይጮኻል። በመሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ስድስት ጸሓፊዎች በአንድ ክፍል ተዘግተው፥ አንዷ እያሳለች፥ ሁሉም ብርዱን ይራገማሉ። ብርዱ ከደሙ ንጹሕ ነው አልልም፤ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ለኢንፍሉዌንዛ ይመቸዋል። ነገር ግን ዋናው ጥፋት ብርዱን ፈርተን አንድ ላይ መታጨቃችንና መዝጋታችን ነው። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንዲት መነኵሲት መምህር ነበሩን፤ ወደ ክፍል ሲገቡ ከጸሎት በፊት የሚያደርጉት መስኮቶቹን መክፈት ነበር። እኛም በሐምሌ እየተንቀጠቀጥን እናማቸው ነበር።

በማስተምርበት ክፍል ካሉት ስድስት መስኮቶች አራቱ ሌባ ይገባል ተብሎ በምስማር ተመትተዋል። ባለፈው ሳምንት በራሴ ወጪ አናጢ ጠርቼ ሁለቱን አስነቀልሁ። ጋሼም ሲያልፉ አይተው «ምች ያስመታሃል» አሉኝ፤ ሆኖም መዶሻውን የያዙልን እርሳቸው ናቸው። ለቀሩት ሁለቱ በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቄ መልስ በመጠባበቅ ላይ እገኛለሁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ