በጋጣ የተቆለፈ ፈረስ

የአሜሪካው ፕሊማውዝ በ1971 እ.ኤ.አ. ሄሚ የተባለውን ባለ7 ሊትር ሞተር የተሸከመውንና ጣሪያው የሚታጠፈውን ኩዳ ለገበያ ሲያቀርብ ፈላጊው እጅግ ጥቂት ነበር። ሞተሩ ዋጋውን አንሮታል፤ የኢንሹራንሱ ክፍያም ወጣቱን ገዢ አሽሽቷል። የተሠሩትም 11 ያህል ብቻ ሆነው ቀሩ። ከእነዚህ አንዱ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲያትል ላይ በጨረታ 3.5 ሚሊዮን ዶላር አወጣ።

አጫራቾች ይህን ዋጋ የጥራት ምስክር ያደርጉታል። ሐቁ ግን ወዲህ ነው፤ መኪናው ብርቅ የሆነው ገበያ ስለናቀው እንጂ ጠቢብ ስለቆጠበው አይደለም። ዛሬ የሚቸበቸበው ያ የትናንት ንቀት ነው።

ይባስ ብሎ፣ ጥቂት የተነዳ መኪና ብዙ ከተነዳው በላይ ይከበራል። ስለዚህ ገዢው ሞተሩን ማስነሣት ይፈራል፤ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከሀብቱ ይቀንስበታልና። 425 የፈረስ ጉልበት እንደ ውል ሰነድ ይቆለፍበታል። ያልተጋለበ ፈረስ ምኑ ፈረስ ነው?

«ቅርስ መጠበቅ ነው» ባዮች አይጠፉም። ዳሩ ግን ቆሞ የሚኖር መኪና ጎሚኒው ይደርቃል፤ ቤንዚኑ ይበላሻል፤ ዘይቱም ከብረቱ ላይ ይወርዳል። ማንም የማያየው፣ ድምፁንም ማንም የማይሰማው ቅርስ ለማን ተጠበቀ?

ሻጭ ማትረፉ ነውር አይደለም። ሆኖም ከዋጋው ጥቂት ቀንሶ ለሚነዳው ሰው የሰጠ፣ እርሱ በእርግጥ መኪና ሸጠ። ለካዝና የሸጠው ግን ቀበረው።